የኮሌጅ ቀን፣ ምረቃና የቤት ግብዣ
ስለ ተማሪዎች የዓመት መዝጊያ በዓል የቀረበ አጭር ጥናት

እኛ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢዎች ሁለት ነን፤ አንዳችን ጌጫ፣ ሁለተኛችን ቴፒ ተወልደን ያደግን ነን። የተማሪዎች የጥናት ጽሑፎች ስለ ሠርግ፣ ስለ ልቅሶ፣ ስለ ደቦና ስለ ዕድር ብዙ ነገር አስተምረውናል። ነገር ግን ተማሪው የሌላውን ሰው በዓል እየዞረ ሲመረምር የራሱን በዓል ለመመርመር እምብዛም አለማሰቡ አስገርሞናል። ሰው የገዛ ጀርባውን አያይም እንደሚባለው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዚህ ዓመት ልናቀርብ የወደድነው ተማሪው ራሱ ባለቤት ስለሆነበት በዓል፣ ይኸውም የትምህርቱ ዓመት ሲዘጋ ስለሚደረገው ደስታ ነው። የምንጠይቀውም ጥያቄ አንድ ነው፤ በዓሉ የሚደረገው ለማን ነው? ማን ይናገራል? ማንስ ይሰማል?

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። ዲግሪ የሚሰጥበትን ሥርዓት በአማርኛ «ምረቃ» እንለዋለን። ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ የሚሰጠውን ቡራኬ ደግሞ «ምርቃት» እንላለን። ሁለቱም ከ«መረቀ» የወጡ ናቸው። ነጋዴ ሰፍሮ ከሸጠ በኋላ በላዩ ጨምሮ የሚሰጠውም «ምራቂ» ይባላል። እንግዲህ በቋንቋችን አስተሳሰብ ተመራቂ ማለት ደረጃ የወጣ ሰው ብቻ ሳይሆን ከበላዩ ካለ ሰው አንዳች ነገር የተቀበለ ሰው ነው። የሚመርቀው ይናገራል፤ የሚመረቀው ራሱን ዝቅ አድርጎ «አሜን» ይላል።

ይሁን እንጂ በአገራችን የትምህርት ታሪክ ተማሪው አሜን ባይ ብቻ ሆኖ አልኖረም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም እየሰሙ ያርሙታል። የበቃውም በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን በሕዝብና በመኳንንት ፊት ቅኔውን ያሰማል። በሰሙ ያመሰገነ መስሎ በወርቁ መውቀስም የታወቀ ልማድ ነበር። የዕውቀት ማረጋገጫው በሥልጣን ፊት ቆሞ መናገር ነበር ማለት ነው። ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከዚህ ቀጥሎ የምንናገርለት የኮሌጅ ቀን ልብሱ የውጭ አገር ቢሆንም ነፍሱ ከዚህ የመጣ ይመስለናል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ዐራት ኪሎ ላይ ማስተማር የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ሲሆን የመጀመሪያዎቹን የዲግሪ ምሩቃን ያወጣው በ1946 ዓ.ም. ነው። በአመራሩ ላይ የነበሩት የካናዳ ኢየሱሳውያን መምህራን ነበሩ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንትም ሉስየን ማት ይባሉ ነበር። ተማሪዎቹ በቁጥር ጥቂቶች ነበሩ፤ አብዛኞቹም አዳሪዎች ስለነበሩ በአንድ ግቢ እየበሉና እያደሩ እርስ በርሳቸው በሚገባ ይተዋወቁ ነበር። በዓመቱ ማብቂያ ላይ «የኮሌጅ ቀን» የተባለ በዓል ይደረግ ጀመር። በዚያም ቀን የስፖርት ውድድር ይታያል፤ ሽልማት ይሰጣል፤ እንግዶች ይጋበዛሉ። ኋላ ግን የበዓሉ ዋና ነገር የአማርኛ ግጥም ውድድር ሆነ። የተመረጡት ግጥሞች በጉባኤው ፊት ይነበባሉ፤ በጉባኤውም መካከል ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይገኙ ነበር።

እስቲ ነገሩን በዐይነ ኅሊናችን እንመልከተው። የሚናገረው በመንግሥት ወጪ የሚማር፣ ምግቡም መኝታውም ከመንግሥት የሆነ የሃያ ዓመት ወጣት ነው። የሚሰማው የአገሩ ንጉሥ ነው። ከሽልማት ሰጪውና ከሽልማት ተቀባዩ መካከል ያለው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቀን ሌላው አገር ሁሉ ነበረው ለማለት አንደፍርም።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በተደረገ ጊዜ የኮሌጁ ተማሪዎች ሙከራውን ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ሙከራው ከሸፈ፤ ተማሪዎቹም ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። በዚያው ዓመት በኮሌጅ ቀን ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» የተባለውን ግጥሙን አሰማ። አርእስቱ ብቻ እንኳ ነገሩን ይናገራል። እስከዚያ ድረስ በአደባባይ ግጥም ድሃው የሚነሣው ምጽዋት የሚገባው ሆኖ ነበር፤ አሁን ግን «እኔ» ብሎ የራሱን ረኀብ ራሱ ተናገረ። ተማሪው ለአንድ ሰዓት ያህል አንደበቱን ለሌላ ሰው አዋሰ ማለት ይቻላል። ግጥሙ የተደነቀውም ከቃላቱ ጣዕም ይልቅ በዚህ ምክንያት ይመስለናል።

በ1954 ዓ.ም. የተነበቡት ግጥሞች የባሰ የሚያቃጥሉ ሆኑ። አስተዳደሩ ግጥሞች አስቀድመው ይታዩ ሲል፣ ተማሪዎቹ አይሆንም ሲሉ ክርክር ተነሣ። ብዙም ሳይቆይ የአዳሪነቱ ሥርዓት ቀረ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 9 ቀን ኮሌጁ ከሌሎች ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ጋር ተጠቃልሎ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ነበር፤ ዋናው ግቢም ንጉሠ ነገሥቱ በሰጡት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተቋቁሞ ነበር። የግጥሙ ወግ ግን ከቦታው ለውጥ ጋር አልሞተም። የዮሐንስ አድማሱ «እስቲ ተጠየቁ»፣ በ1950ዎቹ መጨረሻም የኢብሳ ጉተማ «ኢትዮጵያዊው ማነው?» እና የኃይሉ ገብረ ዮሐንስ «በረከተ መርገም» ከዚሁ የተማሪዎች የግጥም መድረክ ጋር ስማቸው ተያይዞ ይነሣል። የኃይሉን አርእስት ልብ ይሏል፤ በምርቃት ሰሞን የቀረበ እርግማን፣ ያውም በረከት ያለበት እርግማን ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስለን ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ብናመጣ ይጠቅማል። በፖርቱጋል የኮይምብራ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1290 ሲሆን በአውሮፓ ካሉት ጥንታውያን ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። ተማሪዎቹ ጥቁር ካባ ይለብሳሉ። ትምህርታቸውን የሚጨርሱበት ዓመት ሲደርስ በግንቦት አካባቢ «ኬይማ ዳሽ ፊታሽ» ወይም «የጥብጣብ ማቃጠል» የተባለ በዓል ያደርጋሉ። እያንዳንዱ ፋኩልቲ የራሱ ቀለም አለው፤ የሕክምናው ብጫ፣ የሕጉ ቀይ ነው። በዓሉ በሌሊት በአሮጌው ካቴድራል ደረጃ ላይ በሚሰማ ዜማ ይከፈታል፤ ከዚያም በወረቀት አበባ የተሸለሙ ተሽከርካሪዎች በከተማው መካከል ያልፋሉ፤ ሕዝቡም በመንገድ ዳር ቆሞ ያያል። ተማሪው የዓመታት ምልክቱ የሆነችውን ቀጭን ጥብጣብ የሚያቃጥላት የት እንደሆነ ቢታወቅ ያስቃል፤ ሌሊት ለሽንት በሚያገለግል የሸክላ ዕቃ ውስጥ ነው። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ በራሱ ላይ መሳቅ ሲያውቅ ደስ ይላል።

ይሁንና ይህም በዓል የጭንቅ ቀን ደረሰበት። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 17 ቀን 1969 የአገሩ ፕሬዚዳንት የሒሳብ ትምህርት ሕንፃን ሊመርቁ ኮይምብራ በመጡ ጊዜ የተማሪዎች ማኅበር መሪ ተነሥቶ በተማሪው ስም ለመናገር ፈቃድ ጠየቀ፤ ተከለከለም። ሌሊቱን ታሰረ። ተማሪዎቹም ሐዘን አወጁ፤ ጥብጣብ ማቃጠሉንም ተዉ። በዓሉ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። እንግዲህ ለዐሥር ዓመት ያህል የበዓሉ አለመኖር ከበዓሉ ይልቅ ይናገር ነበር። የእኛዎቹ እንዲናገሩ ተፈቅዶላቸው በተናገሩት ተቸገሩ፤ የኮይምብራዎቹ እንዳይናገሩ ተከልክለው ዝም በማለት ተናገሩ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ። ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ባዶ ነበርና የዓመት መዝጊያም በዓል አልነበረም። ከዚያ ተከትለው በመጡት ዓመታት ብዙ ተማሪ ሞተ፤ ብዙ ተማሪ ተሰደደ። የተረፈው በዓል ምረቃው ብቻ ሆነ፤ ካባና ቆብ፣ ሰልፍ፣ ንግግር፣ ጭብጨባ። ተማሪው እንደገና አሜን ባይ ሆነ። ስለዚያ ዘመን ከዚህ የበለጠ መናገር የዚህ ጽሑፍ ፋንታ አይደለም።

አሁን ያለው በዓል ደግሞ ሌላ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች በዝተዋል፤ ከእኛው አገር የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለቱ ከተሞች ግቢዎቹን ይዞ ያስተምራል። ስለዚህ የተማሪው ቁጥር በዐራት ኪሎ ዘመን ከነበረው ጋር የሚነጻጸር አይደለም። በሁሉም ግቢ «ጂሲ» የሚባል ነገር አለ፤ ከእንግሊዝኛው የሁለት ቃላት መጀመሪያ ፊደላት የመጣ ሲሆን ተመራቂውን ክፍል ማለት ነው። ምረቃው መቶ ቀን ሲቀረው «የመቶ ቀን» በዓል ይደረጋል። ከዚያም ቀኖቹ በስም ይከፋፈላሉ፤ በአንዱ ቀን ሁሉም የባህል ልብስ ይለብሳል፤ በአንዱ ቀን ልብስን ገልብጦ መልበስና እንደ እብድ መሆን ነው፤ በአንዱ ቀን ባለቀለም ዱቄት መበታተን፣ በሌላው ውኃ መረጫጨት ነው። የእግር ኳስ ዋንጫ አለ። አንድ ዓይነት ካናቴራ ይሠራል፤ ጓደኛ በጓደኛው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ስሙንና ቀልዱን ይጽፍበታል። የተመራቂዎች መጽሔትም ይታተማል፤ በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ሥር የባለቤቱ «የመጨረሻ ቃል» ይሰፍራል።

ታላላቆቻችን ይህን ሁሉ ሲያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኛም ለጥናቱ ብለን ጥቂት የተመራቂ መጽሔቶችን አገላብጠን ነበር። የመጨረሻ ቃሎቹ ለእናት፣ ለአባት፣ ለፈጣሪና ለዶርም ጓደኞች የቀረቡ ምስጋናዎች ናቸው፤ አንዳንዱ ቀልድ ነው፤ አልፎ አልፎም ልብ የሚነካ ነገር ይገኛል። ለአገር የተነገረ ግን ብዙ አላገኘንም። ቢሆንም ፍርዳችንን ለማክረር አንወድም። ከአራት ማዕዘን የመጣ፣ በቋንቋም በሃይማኖትም የተለያየ ወጣት በአንድ ክፍል ለስድስት ሰው አራትና አምስት ዓመት አድሮ፣ ሲለያይ በጓደኛው ጀርባ ላይ መጻፉ ቀላል ነገር አይደለም። ያ ካናቴራ ከአንዳንድ ግጥም የበለጠ ረጅም ዘመን ተጠብቆ ይቀመጣል። የተለወጠው የሚሰማው ሰው ነው። የኮሌጅ ቀን ተማሪ ፊቱን ወደ ዙፋኑ አዙሮ ይናገር ነበር፤ የጂሲ ተማሪ ፊቱን ወደ ጓደኛውና ወደ ካሜራው አዙሯል።

በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ተጨምሯል። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በዚህ ፈተና ከመቶ 50 ካላገኘ አይመረቅም። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት ከግማሽ የሚበልጡት አላለፉም። የጂሲ በዓል ግን ከፈተናው በፊት አልቆ ይገኛል። ውጤቱም የሚታወቀው ምረቃው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ስለዚህ ቀለም የተረጨ፣ መጽሔት ላይ የወጣ፣ ካናቴራው ላይ የተፈረመለት ተማሪ ካባውን ሳይለብስ ሊቀር ይችላል። በዓል ከሚያከብረው ነገር ቀድሞ ሲመጣ ምን ይባላል? ሠርጉ ተደግሶ ሙሽራው ያልመጣ ያህል ነው። ይህ በከተማ ላለ ቤተሰብ ሐዘን ነው። ከጌጫ ለሚነሣ ቤተሰብ ግን ሐዘን ብቻ አይደለም፤ እንዴት እንደሆነ እናስረዳ።

ጌጫ በሸካ ዞን ከማሻ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ከፍ ያለች ደገኛ አገር ስለሆነች እንሰትና ማር ይበዛባታል፤ ወደ ቴፒ ሲወርዱ ግን ቡናው እየበረከተ ይሄዳል። ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ወይ በማሻ በኩል ወደ ጎሬ መውጣት፣ ወይም በቴፒ፣ በሚዛንና በቦንጋ ዞሮ ጅማ መግባት ያስፈልጋል። በየትኛውም ቢሆን በአንድ ቀን ተነሥቶ በዚያው ቀን አይደረስም ማለት ይቻላል። በክረምት ዝናብ ደግሞ የባሰ ነው።

አሁን የቀን መቁጠሪያውን እንመልከት። ቡና የሚለቀመው በአብዛኛው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ገንዘብ በቤት የሚገኘው ያን ጊዜ ነው። ምረቃ ግን ብዙውን ጊዜ በሰኔና በሐምሌ ይውላል፤ ያን ጊዜ ያለፈው ቡና ተሽጦ አልቋል፤ የሚመጣው ገና አረንጓዴ ሆኖ ዛፉ ላይ ነው። የማሩ ቆረጣ በበልግ መጨረሻ ስለሆነ ማር ያለው ቤት ትንሽ ይተነፍሳል። ሌላው ግን ያለው ምርጫ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ መበደር፣ ወይ ቡናውን ዛፉ ላይ እንዳለ ለነጋዴ መሸጥ። ዛፍ ላይ የተሸጠ ቡና ዋጋው በመስከረም ከሚያወጣው በጣም ያነሰ እንደሆነ ሻጩም ገዢውም ያውቃሉ።

የአንዳችን ታላቅ ወንድም በተመረቀ ጊዜ አባታችን ያደረጉት ይህንኑ ነው። የጓሯችንን ቡና ከፊሉን በእሸቱ ሸጡ። በገንዘቡ ሁለት ሰው ተሳፈረ፤ አባታችንና አጎታችን። እናታችን ቤት ቀሩ፤ «ላሟን ማን ያልባል?» አሉ እንጂ የመሳፈሪያው ነገር እንዳገዳቸው አልተናገሩም። ወንድማችን ለካናቴራ፣ ለመጽሔትና ለግብዣ ያዋጣው ገንዘብ ተደምሮ ቢታይ ለእናታችን መሄጃና መመለሻ ይበቃ ነበር። ይህን እርሱ ያወቀው ቆይቶ ነው። እኛም እዚህ የምንጽፈው እርሱን ለመውቀስ ሳይሆን ተመራቂው በሁለት በዓላት መካከል እንዴት እንደሚከፈል ለማሳየት ነው። ላለማዋጣት ቢፈልግስ? መቶ ጓደኛ አንድ ዓይነት ለብሶ እርሱ ብቻውን በሸሚዝ ይቁም?

ስለ ምረቃው ቀን አባታችን ያወሩልን አጭር ነው። ፀሐይ ነበር፤ ሰው ብዙ ነበር፤ ንግግሩ የሚሰማው በድምፅ ማጉያ ስለሆነ ማን እንደሚናገር አይታወቅም፤ ልጃቸውን ከካባው ብዛት የተነሣ ለመለየት አልቻሉም። በመጨረሻ በአረማመዱ አወቁት። ፎቶግራፍ ተነሡ። ካባውን ለጥቂት ጊዜ አባትየው ለብሰውት እንዲነሡ ተደርጓል፤ ያ ፎቶግራፍ ዛሬም በቤታችን ግድግዳ ላይ አለ።

በእኛ አስተያየት እውነተኛው የዓመት መዝጊያ በዓል የተደረገው ግን ከሳምንት በኋላ ጌጫ ላይ ነው። ጎረቤት ተጠራ፤ ቆጮ ተጋገረ፤ ብርዝና ቡና ቀረበ። ሽማግሌዎች በተራ እየተነሡ መረቁ፤ ወንድማችንም እንደ ደንቡ አሜን አለ። ምርቃቱ ካለቀ በኋላ አንድ ሽማግሌ «በል እንግዲህ አንተ ደግሞ ንገረን፤ ምን ተምረህ መጣህ?» አሉት። የተማረው ዕፀዋት ነበር። መጀመሪያ ላይ በእንግሊዝኛና በአማርኛ መካከል ተወዛገበ፤ ሰዎቹ በትዕግሥት ጠበቁት። ከዚያ እኚሁ ሽማግሌ የቡናው ፍሬ ዛፉ ላይ ሳለ ለምን እንደሚጠቁር ጠየቁት። በሽታው ከማይታይ ሻጋታ የሚመጣ መሆኑን፣ ዝናብና ብርድ እንደሚያባብሰው፣ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ከጅማው የምርምር ማዕከል የወጡ መሆናቸውን አስረዳ። ጥያቄው ቀጠለ። አዲሱ ዝርያ ጣዕሙ እንደ አሮጌው ነው ወይ? አሮጌውን ነቅለን አዲሱ እስኪያፈራ ልጆቻችን ምን ይበላሉ? ችግኙን ማን ያመጣልናል?

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ሰጠ። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው አላወቀም፤ አላውቅም አለ። ሽማግሌዎቹ አልተቆጡም። እናታችን ሦስተኛውን ቡና አምጥተው እየቀዱ «ይህን እርሱን ለምን አልጠየቃችኋቸውም?» አሉት፤ መምህራኑን ማለታቸው ነበር።